ከሰደፉ ላይ የፋቅሁት ምልክት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጄም አልነገርኩም፣ ለፓስተራችንም አልነገርኩም። ለፓስተሩ ብነግረው ኖሮ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ በአንድ ጸሎት ይጨርስልኝ ነበር። እኔ ደግሞ በአንድ ጸሎት እንዲያልቅልኝ አልፈልግም። ይህን የጻፍኩላችሁ እናንተ ስሙኝ። አታጽናኑኝ፤ ስሙኝ ብቻ።

እዚህ ሜልበርን፣ ሴንት አልባንስ አካባቢ ሐበሻ ሲጣላ እኔ ቤት ይመጣል። «እትዬ በላይነሽ አታዳላም» ይላሉ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ለአንዱ ልጅ ትልቅ ቁራሽ ለሌላው ትንሽ ሲሰጥ ካየሁ የሰው ቤት ገብቼም ቢሆን እጮሃለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። ምን ያኮራኛል?

ታምራትና ውቢት የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው። እሱ ብሬብሩክ ይኖራል፣ እሷ ዳንደኖንግ። አባታቸው አገር ቤት ሲሞቱ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ትተው ነበር። ብረቱ እዚያው ቀረ፤ አንድ ዘመድ እንጨቱን፣ ሰደፉን ብቻ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣላቸው። በዚያ እንጨት ተጣሉ። ታምራት «የአባት ጠመንጃ የወንድ ልጅ ነው» አለ። ውቢት ደግሞ «አንተ አዲስ አበባ ስትኖር አባባን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ያንቺ ነው ብሎ ሰደፉ ላይ መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥር ሁለት ነጥብ በቢላ ቀረጸልኝ» አለች።

ሁለቱም እኔን አመኑ። እንጨቱ በአደራ እኔ ቤት ተቀመጠ፤ ቅዳሜ ሽማግሎች ተሰበሰቡ። ሰደፉን መስኮቱ ጋ ወስጄ አገላበጥኩት። የስንት ዘመን ቅቤና ጥላሸት ጠጥቶ ከሰል መስሏል። መነጽሬን እንኳ አላደረግሁም።

«ምንም ምልክት የለም» አልኩ።

«እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ይጠረግና ይታይ» አለች ውቢት።

«ዓይኔ ጤነኛ ነው! እኔን ሐሰተኛ ልታደርጊኝ ነው?»

እንጨቱ ለታምራት ተፈረደ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ስለፈለገ፣ አሳምሬ ላስረክበው ቃል ገባሁ። አውስትራሊያ እንደመጣሁ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ገብቼ ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ነው የኖርኩት፤ እጄ እንጨት ያውቃል።

ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ ጥላሸቱን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠብኩ። ሲደርቅ በለስላሳው ወረቀት ዳበስ ዳበስ አደረግሁት። መስቀሉ ወጣ። ከሥሩ ሁለት ነጥብ። ልክ ውቢት እንዳለችው።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ስልክ ማንሳት። አንድ ስልክ! «ተሳስቻለሁ፣ ኑና እዩት» ማለት። እኔ ምን አደረግሁ? ለስላሳውን ወረቀት አስቀምጬ ሻካራውን አነሳሁ። ደንግጣ ነው አትበሉልኝ፤ አልደነገጥኩም። ተናድጄ ነበር። በማን? በውቢት! እውነት በመናገሯ ተናደድኩባት። በሽማግሎች ፊት የለም ያልኩት ነገር ስላለ ተናደድኩ። ፋቅሁት። መስቀሉ እስኪጠፋ ፋቅሁት። ነጥቦቹ ጠልቀው ስለነበር እንጨቱ እስኪጎደጉድ ፋቅሁት። አንድ ሽማግሌ አባት በገዛ እጁ ለልጁ የተወውን እኔ፣ አታዳላም የምባለው እኔ፣ ክርኔ እስኪዝል ፋቅሁት። ከዚያ የተልባ ዘይት ቀባሁት፣ በጨርቅ አሸሁት፣ አንጸባረቀ። ሲያምር አይቼ ደስ አለኝ። ከሁሉም ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ታምራት ቤት ተጸልዮ ተረከበ። ሰው ሁሉ «እጅዎ ይባረክ» አለኝ። ውቢትም መጥታ ነበር። ማንንም ሳታናግር አውራ ጣቷን ሰደፉ ላይ አስኬደች። የጎደጎደው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እትዬ በላይነሽ፣ እዚህ ጋ ለምን ጎደጎደ?»

«በስብሶ ነበር» አልኳት።

«ሌላው ደህና ሆኖ እዚህ ጋ ብቻ?»

ታምራት ሳቀ። «ኧረ ተይ ውቢት! አሁን ደግሞ አባባ ራሱ ከሰማይ ወርዶ ፋቀው በይን!»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አብሬ ሳቅሁ!

«እሺ፣ እርስዎ ካሉ» አለች ውቢት። ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ዓመታት አለፉ። ከዚያ ወዲህ ቸርቻችን አልመጣችም። በሞተ አባቷ ስም የዋሸች የሚል ስም ወጣላት። ይህ ስም ፊቴ ሲነሳ ሻዬን እጠጣ ነበር። ለሰው ልጅ ቁራሽ የምጮኸው ሴትዮ፣ ለእሷ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ባለፈው ሳምንት ባልና ሚስት ለሽምግልና መጡ። ሚስቲቱ «እርስዎ እውነት አይቀብሩም» አለችኝ። በራሴ ላይ እንዲህ ተቆጥቼ አላውቅም። «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብዬ ሸኘኋቸው፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳቸውም። ዛሬም ፈሪ ነኝ።

ታምራት፣ ይህን ስታነብ እንጨቱን ከግድግዳ አውርድና ለእህትህ ውሰድላት። ምልክቱን አትፈልግ፤ አታገኘውም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እሑድ በጉባኤው ፊት ይህንኑ እናገራለሁ፤ ማይክ ካልሰጡኝ ያለ ማይክ እናገራለሁ።

ውቢትን ግን ይቅር በይኝ አልላትም። በእኛ ዘንድ ይቅርታ የተጠየቀ አማኝ እምቢ ማለት አይችልም። ሰው ከብቦ «ይቅር በያት እንጂ፣ አሮጊት ናት» ይላታል፤ ይቅር እስክትል አይለቃትም። እውነቷን በእጄ ነጥቄያታለሁ። ቁጣዋን ደግሞ አልነጥቃትም።