የአልማዝን ትእዛዝ የሸፈነው ስም

ስንቱን ተናዝዣለሁ፤ ጾም መግደፌን፣ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን። ይህን ግን የንስሐ አባቴም አልሰሙትም።

በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ ልደታ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒውተር ክፍል እሠራ ነበር። ሥራውን ያስተማረችኝ አልማዝ ናት። ሁላችንም አጫጭር ትእዛዞች እየጻፍን ማሽኑ ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። ሁለት ትእዛዞች አንድ ስም ከያዙ ማሽኑ ኋላ የገባውን ብቻ ይሰማል፤ የፊተኛው ይሸፈናል። ስለዚህ ደንባችን በትእዛዙ ስም ፊት የራስን ፊደል ማስቀደም ነበር። አልማዝ ትቀልድብኛለች፦ «አንቺ፣ ስም ከማውጣትሽ በፊት ጥሪው! ‹አቤት› ካለሽ ባለቤት አለው፤ እጅሽን ሰብስቢ።»

የልደታ በዓል ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ቸኮልኩ። ያለቀላቸውን ዝርዝሮች የሚሰርዝ ትእዛዝ ጽፌ «ጨርስ» አልኩት። ፊደሌን አላስቀደምኩም፤ አልጠራሁትም። ለጸሎት ነው የቸኮልኩት። ይህ ያጸድቀኛል?

አልማዝም «ጨርስ» ነበራት፤ የእሷው የመሥሪያ ቤታችንን የመድኃኒት መጋዘን ዝርዝር ዘግቶ የሚያትም። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዷ በመጋዘኑ ዝርዝር ላይ ጠራችው። የመለሰላት የእኔ ነው። ዝርዝሩ በሙሉ ጠፋ።

ወዲያው ገባኝ። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እኔ ቀረሁ፤ ትእዛዜን ከፍቼ ፊደሌን አስቀደምኩበት፤ «ጨርስ» የሚለው ስም ለእሷ ትእዛዝ ብቻ ተመለሰ። ያስተማረችኝን ደንብ በሥርዓት የጠበቅኩት ያን ቀን ነው፤ እሷን ለመቅበር።

ከሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ «ማነው ያጠፋው?» ብሎ ሲፈትሽ የአልማዝ ትእዛዝ ደህና ሠራ። «እንግዲያው ሆን ብለሽ በእጅሽ ሰርዘሻል፤ ይህ አሻጥር ነው» አሏት። ወደ እኔ ዞረች።

«እህቴ፣ ጠዋት አጠገቤ አልነበርሽም? ንገሪያቸው እንጂ!»

«እኔ ምንም አላየሁም፣ ጓዶች» አልኩ። እኔ። በዚህ አፌ።

ወሰዷት። ውጭ አገር ልትማርበት የነበረው ዕድል ለእኔ ተሰጠ። ተቀበልኩ። ወዴት እንዳደረሷት አልጠየቅኩም፤ ለቤተሰቧም አንድ ደብዳቤ አልጻፍኩም። እስከ ዛሬ የምኖርበት አገር፣ የምሳለመው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር፣ በእሷ ቦታ ያገኘሁት ነው።

አንዳንዴ ጊዜው ክፉ ነበር እላለሁ። ክፉስ ነበር። በዚያ ምሳ ሰዓት ግን ማሽኑ ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ያዘዘኝም አልነበረም።

አልማዝ፣ ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ብቻ ያን ቀን «ማነው ያጠፋው?» ሲሉ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ።

አቤት።