የእህቴ አልበም ሦስተኛው ዘፈን

ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ በቴሌቪዥኑ የድምፃውያን ውድድር አንደኛ የወጣች ዕለት ጎባ መብራት አልነበረም። ሰፈሩ እኛ ቤት ተሰብስቦ፣ ቆሎው ተቆልቶ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ልክ እሷ ልትወጣ ስትል እልም አለ። የጎባ መብራት ደግሞ ሰው ሲጓጓ ያውቃል። ማሸነፏን የሰማነው በኋላ በስልክ ነው። ጎረቤቱ በጨለማ እልልታውን አቀለጠው፤ እናቴም አብራ እልል ብላ ስታበቃ፣ «ይኼኔ እሱም የትም ሆኖ ሰምቶ ይሆናል» አለች።

እሱ ማለት ወንድማችን ነው፤ የእኔ ታናሽ፣ የእህቴ ታላቅ። በሱዳን አድርጎ በረሃውን አቋርጦ ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እኔ ተስፋ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ። እናቴ ፊት ግን ይህን ማሰብ እንኳ ነውር ነበር። ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲሏት ቶሎ ብላ «ሦስት፤ አንዱ ውጭ ነው» ትላለች። አንዳንዱ ደግሞ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ታዲያ ምን ላከልሽ?» ይላታል። አንዲት የእድራችን ሴት አፏን አዳልጧት የእሱን ስም አንስታ «ነፍሱን ይማረውና» ስትል፣ እናቴ ከአጠገቧ ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «መርዶ ያልመጣለት ሰው አይለቀስም» አለችኝ።

ይህን የምትለው ደግሞ የጎባ አስለቃሽ ናት። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ገና ሳይተከል እናቴ ትጠራለች። ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ጠላት ሁሉ ታስለቅሳለች። እህቴ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በእናቴ ነጠላ ሥር ተወሽቃ በየለቅሶ ቤቱ አብራት ስትዞር ነው ያደገችው፤ ያንን ድምፅ የወረሰችው ከዚያ ነው። እኔ ለቅሶ ቤት ስለማልወድ ከእናቴ የወረስኩት ቁጣዋን ብቻ ነው።

የውድድሩ ሽልማት አልበም ነበር። እኛ ደህና ትዝታ፣ ደህና አምባሰል ስንጠብቅ እህቴ «ኦፔራ» አለችን። ከዳኞቹ አንዱ ውጭ የተማሩ ሙዚቀኛ ናቸው፤ ድምጿን ሲሰሙ፣ ፈረንጅ ሁሉ የሚወዳቸውን የታወቁ የኦፔራ ዘፈኖች መርጠው አስጠኗት። የመጨረሻውን ዙር ያሸነፈችውም በአንዱ ነው፤ እሱ አልበሙ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ቃላቱን በፊደላችን እየጻፈች ነበር የሸመደደችው። ትርጉሙን ለእሷ ሰውየው ነግረዋታል፤ ለእኛ የደረሰን ዜማው ብቻ ነው። አንዱ ጎረቤታችን መጀመሪያ ሲሰማ በትዕግሥት አዳምጦ፣ «ጩኸቱስ ጥሩ ነው፤ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቢሆንም የሰፈር ልጅ ናትና ሁሉም አልበሙን ስልኩ ላይ ጫነው። ሮቤ ገበያ ስገባ ከሱቁ፣ ጎባ ስወርድ ከባጃጁ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ሆነ። ጋሪ ነጂው ሳይቀር ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከፍቶ ያልፋል።

እናቴ መጀመሪያ የሰማችው ከእኔ ስልክ ነው። ምስር እየለቀመች ነበር። የመጀመሪያውን ሰምታ «ጎሽ የኔ ልጅ» አለች። ሁለተኛው ላይ ፈገግ አለች። ሦስተኛው ሲጀምር እጇ ምስሩ ውስጥ እንዳለ ቆመ። «አጥፊው» አለችኝ።

«ምነው እማዬ?»

«አጥፊው አልኩሽ!»

አጠፋሁት፤ ግን በጣም ተናደድኩ። ዘፈኑ ሙሾ ሙሾ ይላል፤ ሬሳ የሌለበት ሙሾ ሞት ይጠራል ሲሉ ስለሰማሁ፣ ያንኑ ፈርታ ነው አልኩ። ሰው በልጁ ይኮራል እንጂ በልጁ ያሟርታል? አገር የወደደላትን እናቷ ስትጠላባት አሳዘነችኝ። ያን ዕለት ራት በኩርፊያ በላን።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። የእድር ሴቶች መጥተው «እትዬ፣ ይድረሱልን» ሲሏት «ጉሮሮዬን አሞኛል» ትላለች። እናቴ ጉሮሮዋን ታማ አታውቅም። ደግ ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ሞተው እንኳ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ትንፍሽ ሳትል ዋለች። ሴቶቹ ዓይን ዓይኗን አይተው አይተው ሲሰለቻቸው እንደ ነገሩ አለቀሱ። ገበያ መሄዱንም ተወች፤ ስትወጣ የእህቴ ድምፅ ከመናኸሪያው ይቀበላታል፣ ስትገባ በጎረቤት አጥር በኩል ይከተላታል። መስኮቱን በቀን ትዘጋለች። አንድ ቀን ግን ከሥራ ስመለስ፣ ራሷ በዘጋችው መስኮት ላይ ጆሮዋን ለጥፋ አገኘኋት። ከውጭ ሦስተኛው ዘፈን ይሰማል። ስታየኝ ተደናግጣ መጥረጊያ አነሣች። ቤቱ ግን ተጠርጎ ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ፈራሁ።

እኔ የማስተምረው ሮቤ ነው፤ ጠዋትና ማታ ሚኒባስ ላይ ነኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሳነቴ አምባ የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖት፣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ሲነዳ ያንኑ ዘፈን ከፈተው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና «ኩን ቦኢቻ ሚቲ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ይህ ለቅሶ አይደለም ወይ ማለታቸው ነው። ረዳቱ ከእኔ ቀድሞ፣ «አዮ፣ እማማ፣ ለቅሶ አይደለም፣ ዘፈን ነው! የጎባ ልጅ ናት!» አላቸው። ሴትዮዋ ግን አላመኑትም፤ እስኪወርዱ ድረስ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

እኔም የዚያን ቀን ነው በደንብ ያዳመጥኩት። ዘፈኑ መሐል ላይ ድምጿ ወደ ላይ ወጥቶ የሚረዝምበት ቦታ አለ። ያንን ቦታ አውቀዋለሁ። ልጆች ሳለን ወንድማችን ኳስ ሜዳ ውሎ ሲመሽበት፣ ይህቺው እህቴ አጥሩ ላይ ወጥታ ስሙን እንዲሁ አርዝማ ትጠራው ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ጥሪዋን ስሰማ፣ ከጉሙ ውስጥ «መጣሁ!» የሚለኝ መስሎኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ትልቅ ሰው፣ ያውም አስተማሪ፣ እንዲህ ያደርጋል? አደረግሁ። ከጉሙ በቀር ምንም አልነበረም፤ ጎባ እስክንደርስ ድረስ ግን ዓይኔን ከመስኮቱ መንቀል አልቻልኩም።

እህቴ የመጣችው አልበሙ አገሩን ካዳረሰው በኋላ ነው። አቀባበሉ ሌላ ነበር፤ ባጃጁ ጥሩንባ እየነፋ፣ ተማሪው እየዘፈነ፣ ሰፈሩ በግ አርዶ። እሷ ከስታ ነበር። አንገቷን ሲስሟት ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን እናቴን ይሸሻል። እናቴም እንግዳውን እየዞረች «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ስትል ዋለች። እኔ ሁለቱን እያየሁ፣ ደግሞ ምን ተጣሉ እላለሁ።

ገና ሳይመሽ የመጨረሻው እንግዳ ወጣ። እናቴ በሩን ዘግታ እህቴ ፊት ተቀመጠች።

«ማን ነገረሽ?» አለቻት።

«ምኑን እማዬ?»

«ሦስተኛው ላይ ወንድምሽን ትጠሪዋለሽ። ድሮ ጠርተሽው ስታበቂ ጸጥ ብለሽ ታዳምጪ ነበር፤ መልስ ትጠብቂ ነበር። አሁን አላዳመጥሽም።»

«እማዬ፣ ዘፈኑ እኮ ነው እንደዚያ የሚለው።»

«ስለ ዘፈኑ አልጠየቅሁሽም።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ እህቴ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። ከመጨረሻው ዙር በፊት፣ ከወንድማችን ጋር የተሳፈረ ልጅ ከሰው ሰው ቁጥሯን አፈላልጎ ደወለላት። ጀልባዋ ተገልብጣ እሱ ሲተርፍ ወንድማችን አልተረፈም፤ ሲሰምጥ በዓይኑ አይቶታል። ተወዳዳሪዎቹ ከሚያድሩበት ቤት ደረጃ ላይ ቆማ ነበር የሰማችው። «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ታች መኪና ይጠብቃቸው ስለነበር ወርዳ ተሳፈረች። መድረክ ላይ የምትዘፍነው ያንን ዘፈን ነበር። ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበላት፤ አሸነፈች።

«በነጋታው ልነግራችሁ ስደውል እልል ትላላችሁ» አለች። «በእልልታው መሐል እንዴት ብዬ?»

እኔ ደሜ ፈላ። «ይህን ሁሉ ጊዜ! እናትሽ መንገድ መንገድ ስታይ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ወደ እኔ ሳታይ በእጇ አስቆመችኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ይመጣሉ። ጉልበት ያላቸው ሴቶች ከኋላ ይቆማሉ፤ የሰማው ሰው ራሱን መሬት ላይ እንዳይፈጠፍጥ ክንድና ክንዱን ይይዙታል። ለብቻው መርዶ የሚሰማ የለም። እናቴን የሚይዛት ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ተነሥቼ ከኋላዋ ቆምኩ። የዚያ ሁሉ ዓመት ለቅሶ ሲፈነዳ ልይዛት ነው። እናቴ ግን አልጮኸችም።

«ማን ያዘሽ?» አለች።

እህቴ አልገባትም።

«ሲነግርሽ ነው የምልሽ። እዚያ ደረጃ ላይ ማን ያዘሽ?»

«ማንም» አለች እህቴ።

እናቴ ተነሣች። ዞራ ከእህቴ ኋላ ተንበረከከችና ሁለቱንም ክንዶቿን ጥፍንግ አድርጋ ያዘች፤ እነዚያ ሴቶች እንደሚይዙት። «በይ አሁን» አለቻት። እህቴ ያን ጊዜ ጮኸች። ያ ጩኸት ዜማ የለውም፤ አልበሙ ላይም የለም። የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ሲገቡ፣ እናቴ ልጇን እንደ ያዘች ነበረች፤ የሞተው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።