ጠበል ያልፈሩ ወታደሮች

አሻንጉሊት ነው ብላችሁ የምትስቁ ካላችሁ ከአሁኑ ሳቁና ጨርሱ። እኔ የማወራው ስለ ጦር ነው። አውራ ጣት የምታክል ወታደር ከሸክላ እሠራለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ የሚዋጋበትንም አገር ከሰጋቱራና ከፎም እገነባለሁ። ቢቸና ሳስተምር በአንድ ክረምት የጀመርኩትን ሥራ እዚያው ክረምት ላይ ጨርሻለሁ። ለመጨረስ ስል ከተከራየሁበት ቤት ተባርሬያለሁ፤ እናቴንም አስቀይሜያለሁ። ይቅርታ ስጠይቅ መስማት የሚፈልግ ሰው ካለ ሌላ ወሬ ይፈልግ።

የሞጣ ልጅ ነኝ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቄስ ነበሩ። እኛ ቤት "የጨዋ ልጅ እንዲህ አያደርግም" የሚባለው ነገር ማለቂያ አልነበረውም፤ የጨዋ ልጅ መንገድ ላይ አይበላም፣ የጨዋ ልጅ ጮኾ አይስቅም። እኔ ሁለቱንም አደርግ ነበር። እናቴ ግን አንድ ቀን ትሻሻላለች እያለች ትጠብቀኝ ነበር። የሥዕል አስተማሪ ሆኜ ቢቸና ስመደብ ደስ ያላት መምህርነት የጨዋ ሥራ ስለሆነ ነው።

ጨዋታውን ያመጣው ከወሎ የተመደበ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዶ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ሕጉን አሳትሞ መጣ። ሁለት ሰው ሁለት ጦር ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ወታደሩ በሜትር እየተለካ ይራመዳል፤ ማን እንደሚወድቅ ደግሞ ከሉዶ በተወሰደች ባለ ነጥብ ኩብ ይወሰናል። ኮረብታ የያዘ ይጠቀማል፤ ወንዝ የሚሻገር ይዘገያል። ፈረንጆቹ ወታደሩን ከሱቅ ይገዙታል አለኝ፣ እያዘነ። "እኛ እንሠራዋለና" አልኩት።

ተስማማን። ትምህርት ሲዘጋ እሱ አገሩ ገብቶ የራሱን ጦር ከባሕር ዛፍ ሊጠርብ፣ እኔ ደግሞ የራሴን ጦርና አገሩን ልሠራ፣ መስከረም ላይ ልንገጥም። የማን ጦር ነው እያሉ ፖለቲካ የሚፈልጉብን ነበሩ። የእኔና የእሱ ነው እያልኩ መለስኳቸው።

መጀመሪያ አገሩን ሠራሁ። ከእንጨት ሥራ ቤት አንድ የተጣለ የበር መዝጊያ ለምኜ አመጣሁና ክፍሌ ውስጥ ሁለት በርጩማ ላይ አጋደምኩት። ቴሌቪዥን ካርቶኑ ውስጥ ይዞት የሚመጣውን ነጭ ፎም ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ ሰበሰብኩ። እሱን በቢላ እየቆረጥኩ፣ ከቢቸና ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ያለውን ገደል አወጣሁት፤ በኮላና በአሸዋም ለበጥኩት። ሰጋቱራውን አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክሬ ሣር አደረግሁት። ጤፍ የሚመስል ነገር አጥቼ ብዙ ከተቸገርኩ በኋላ ያረጀ የጫማ ብሩሼን ፀጉር ቆርጬ ተከልኩት፤ ጤፍ መሰለ። ወንዙን ቡናማ ቀባሁት። ለምን ሰማያዊ አላደረግሽውም የሚለኝ ሰው ክረምት ላይ ወርዶ ይየው።

ከዚያ ወታደሮቹ ሆኑ። ቅዳሜ ገበያ ድስትና ማሰሮ ከሚሸጡት ሸክላ ሠሪ ጥሩ አፈር ገዛሁ። ሽቦው አጥንት፣ ጭቃው ሥጋ፣ የጥርስ መጎርጎሪያው ስቴኪኒ ጦር ሆነ። ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሁሉም ዓይን አልባ ነበሩ። ችግሩ ሐምሌ መሆኑ ነው። ቢቸና ላይ በሐምሌ ፀሐይ የሚባል ነገር በወሬ ነው የሚሰማው። ጭቃው አልደርቅ አለኝ።

አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሴት ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ ስታመም አጥሚት ሠርተው አጠጥተውኛል። "እትዬ፣ ትንሽ ዕቃ ምድጃው ዳር ላስቀምጥ?" ብላቸው ዞር ብለው ሳያዩ "አስቀምጪ ልጄ" አሉኝ። ሰልፌን እንዳለ ምድጃው ጀርባ ደረደርኩት፤ ጥላሸት እንዳይነካውም ካርቶን አለበስኩት።

በዚያው ሳምንት ላማቸው ወተት ነሳች። ላም ወተት የምትነሳበት ምክንያት ስንት ነው? አከራዬ ግን የሰው እጅ አለበት ብለው ቤቱን ሲፈትሹ ካርቶኑን ገለጡት። ዓይን የሌለው የጭቃ ሰው በሰልፍ ቆሞ፣ ጦር ይዞ፣ በገዛ ምድጃቸው ጀርባ። እውነቱን ለመናገር እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እደነግጥ ነበር። መተት ነው አሉ። ጠበል በጆግ አመጡና በስመ አብ ብለው ከላይ እስከ ታች አፈሰሱበት።

ከገበያ ስመለስ ወታደሮቼ ሁሉ ቀልጠው ምድጃው ስር ተኝተዋል፤ ሽቦው ብቻ አጥንቱን አግጦ ቆሟል። አከራዬ አጠገቡ ቆመው አገኘኋቸው።

"አየሽ? ስሙ ሲጠራበት ቀለጠ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ጭቃ ነው። የጉድጓድ ውሃም ቢያፈሱበት ይቀልጣል።"

"የጉድጓድ ውሃና ጠበል አንድ ነው እያልሽኝ ነው?"

አንድ ነው ካልኩ መናፍቅ ልሆን ነው፤ አይደለም ካልኩ ጠንቋይ ልሆን ነው። ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከንዴት ነው። የዚያ ሁሉ ቀን ሥራ በአንድ ጆግ።

እሳት ያላየ ሸክላ ውሃ እንደሚያፈርሰው አውቅ ነበር። ማስተኮስ ነበረብኝ። ያላስተኮስኩት ሸክላ ሠሪዋ ቤት ስገባ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። እኛ አገር ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው ይባላል። ድስቱን ገዝተው ወጥ ይሠሩበታል፤ የሠራችው ሴት ቤት ግን ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ምናለበት ቢባሉ፣ ሲባል ሰምተው ነው። እኔም ስሰማ ያደግሁ ነኝና ገበያ ላይ ሒሳቤን ከፍዬ ዞር እል ነበር። ጠበሉ ወታደሮቼን ሲያቀልጥልኝ ግን ይሉኝታዬንም አብሮ አቀለጠው። በማግስቱ ከከተማው ዳር ያለው ቤታቸው ድረስ ሄድኩ።

ሸክላ ሠሪዋ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ምላሳቸው የማይታሰር ሴት ናቸው። ሽቦ እሳት ውስጥ ጭቃውን ስለሚሰነጥቀው ሁለተኛውን ጦር ያለ ሽቦ ሠራሁት፤ እግሩ ወፍራም፣ ልብሱ እስከ መሬት የወረደ። አዩትና "ወታደር ነው ወይስ ድንች?" አሉኝ።

"ወታደር ነው እትዬ።"

"እንግዲህ ጠላቱ ሲስቅ ይሸነፋላ" አሉ፤ ከማሰሮዎቻቸው ጋር ደባልቀው በኩበት ተኮሱልኝ። ጥቂቱ ተሰነጠቀ፤ የቀረው ቀይ ሆኖ ጠንክሮ ወጣ። ስመታው ቅጭል ቅጭል ይላል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ እቤታቸው ቁጭ ብዬ ያቀረቡልኝን ቆሎ ጨረስኩት።

ቀለም መቀባት የጀመርኩት ፍልሰታ ሲገባ ነው። ለቀዩ የጥፍር ቀለም፣ ለጥቁሩ የቆርቆሮ ቀለም፣ ለጥቃቅኑ ነገር የዓይን ኩል መቀቢያ ብሩሽ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አከራዬ ከጎረቤታቸው ጋር ሆነው፣ ያንኑ ጆግ ይዘው፣ ክፍሌ ገቡ። አልከለከልኳቸውም። ይርጩ ብዬ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ረጩ። ወታደሮቹ ታጠቡ፣ አብለጨለጩ፣ ቆሙ። አንድም አልቀለጠም። ነገሩ ያበቃል ብዬ ነበር። የአከራዬ ፊት ግን አመድ መሰለ።

"ጠበል የማይፈራ ነገር ቤቴ አላሳድርም" አሉ።

"ሲቀልጥም ሰይጣን፣ ሳይቀልጥም ሰይጣን። ታዲያ ምን ይሁንልዎ?"

"እነሱን ወንዝ ጣይና ልጄ ነሽ። አለዚያ ቤቴን ልቀቂ።"

ልጄ ነሽ ሲሉኝ ከልባቸው ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ወንዝ መጣል ምን አላት፣ ሌላ ትሠሪያለሽ ያሉኝ ባልደረቦችም ነበሩ። አልጥልም አልኩ። አንዴ ከጣልኩ ዕድሜዬን ሙሉ የምጥለው ነገር እንደማላጣ ይታወቀኝ ነበር። ቤት ፍለጋ ዞርኩ፤ ወሬው ቀድሞኝ ዞሯል። "ተይዟል" አለ አንዱ፤ "ልጄ ሊገባበት ነው" አለ ሌላው። ያልተያዘ ቤት የተገኘው ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ብቻ ነው፤ ማሰሮ የሚያስቀምጡበትን ጓዳ ለቀቁልኝ።

ዕቃዬን ያወጣሁት በቅዳሜ ገበያ፣ በጠራራው ቀን ነው። ያንን በር ከነገደሉና ከነወንዙ፣ ሠራዊቱንም ላዩ ላይ አሰልፌ፣ በሁለት ኩሊ አስነሳሁት። ሸፍኚው አሉኝ። አልሸፈንኩም። በጓሮ በኩል ሂጂ አሉኝ። በገበያው መሃል ሄድኩ። ቃሬዛ የመሰላቸው አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው "ማን ሞተ?" አሉ። "ማንም አልሞተም አባባ፤ ገና ሊዋጉ ነው" አልኳቸው።

ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። ሞጣ በማግስቱ ደረሰ። ሞባይል ከተማችን ውስጥ ገና የገባ ሰሞን ነው፤ እናቴ ከሰው ለምና ደወለች።

"ቡዳ ቤት ገባሽ አሉ።"

"ሰው ቤት ነው የገባሁት እማዬ።"

"ጭቃ ትለውሻለሽ አሉ።"

"እሱ እውነት ነው።"

ከዚያ ቀስ ብላ "ከዚያ ቤት እስክትወጪ እናቴ ብለሽ እንዳትጠሪኝ" አለችና ዘጋችው። አባቴ ከሞቱ ወዲህ እኔና እሷ ያለን እርስ በርሳችን ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አስቀምጬ ብሩሼን አነሳሁ። ያኔ የሣልኩት ወታደር ዓይኑ ጠማማ ሆነ። አላስተካከልኩትም፤ እሱም እንደዚያው ይዋጋል።

ጳጉሜን ላይ ጨረስኩ። የመጨረሻው ወታደር የመጨረሻ ዓይኑን ሲያገኝ ቫርኒሽ ቀባሁትና ኮረብታው ላይ አቆምኩት። ሸክላ ሠሪዋ በሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና "ድንቹ ሰው ሆነ" አሉ። ክረምቱን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ ጥሩው ቃል እሱ ነበር። ለእናቴ ልደውልላት እያልኩ ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። ልውጣ ብዬ ግን አላሰብኩም።

መስከረም ላይ የሒሳብ አስተማሪው የባሕር ዛፍ ጦሩን በካርቶን ይዞ መጣ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ገጠምን። እሱ ገደሉን ሊወጣ፣ እኔ ከላይ ልይዘው፣ ሜትር ዘርግተን እየተሟገትን ሳለ በሩ ላይ ጥላ አጠላ። ቀና ስል እናቴ ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዣንጥላ ይዛ፣ ከሞጣ በአውቶብስ መጥታ።

"ልወስድሽ ነው የመጣሁት። ዕቃሽን አንሺ" አለች።

"ግቢ እማዬ።"

"አልገባም።"

ሸክላ ሠሪዋ ግን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወጡ። "ኧረ ይግቡ፣ ደጅ ቆመው? ከሞጣ ድረስ ለፍተው?" እያሉ ጎንበስ ብለው ሰላም አሏት። እናቴ በዕድሜ የሚበልጧትን ሴት ሰላምታ መግፋት አልቻለችም፤ ያደገችበት ጨዋነት እግሯን ጎትቶ አስገባት። መደቡ ጫፍ ላይ፣ ነጠላዋ እንዳይነካ ሰብስባ፣ ተቀመጠች። ሸክላ ሠሪዋ ጠላ በብርጭቆ ቀድተው፣ ጎንጨት ብለው ከቀመሱላት በኋላ በሁለት እጃቸው ሰጧት።

"እግዜር ይስጥልኝ፤ ጾም ነኝ" አለች እናቴ።

ሸክላ ሠሪዋ ይቺን ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰሙ ኖረዋል። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ብርጭቆውን ሊመልሱ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ሜትሩን አስቀመጥኩ።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው እማዬ። ጾም የለም" አልኩ።

የሒሳብ አስተማሪው ኩቧን አተኩሮ ያያት ጀመር። እናቴ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

"የቄስ ሚስት ነሽ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ" አልኳት።

ሰው ፊት እናቷን ዋሾ አደረገች ብለው እስከ ዛሬ የሚያሙኝ አሉ። አዎ፣ አደረግኋት። ያቺን ቃል አንድ ሰው አንድ ቀን መመለስ ነበረበት፤ ከገዛ እናቴ ካልጀመርኩ ከማን ልጀምር?

እናቴ ብርጭቆውን ብዙ አየችው። ከዚያ አማተበችና አንዴ ጎነጨች። ደገመች፣ ሠለሰች፣ ጨረሰችው። ባዶውን መደቡ ላይ ስታስቀምጠው ሸክላ ሠሪዋ ጠላውን ይዘው ሊሞሉላት ጎንበስ አሉ። እናቴ በቃኝ ብላ ብርጭቆውን በእጇ አልከደነችም።