ማርና መግል

ሰው ማር ሲሸተው ምራቁ ይሞላል፤ እኔን ግን ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። ማር ያለበት ዕቃ በተከፈተ ቁጥር ከሥሩ የመግል ሽታ እየተነሣ ነገሌ ቦረና ወደነበረው የወታደር ሰፈራችን ይመልሰኛል።

በጋ ነበር፤ አቧራው ከጣሪያችን፣ ዝንቡ ከዓይናችን አይነሣም ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ፈንጣጣ ያዛትና ሽታው ግድግዳውን አልፎ ከምሳችን ጋር ይቀርብ ጀመር። ሰው ሁሉ በሩን ሲዘጋ፣ እሷ ዘንድ ገብተው የሚያጥቧትና የሚያጎርሷት እማማ ዘነበች ብቻ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ወጥቶባቸው ፊታቸውን ስለቦረቦረው፣ ሁለተኛ አይዛቸውም ነበር።

አንድ ቀን በአገራቸው ልማድ እኔንና እህቴን ሊከትቡን መጡ። ከልጅቱ ቁስል ያመጡትን መግል በቅል ስባሪ ላይ ከማር ጋር ለውሰው፣ ክንዳችንን በእሾህ ጫር ጫር አድርገው አሹት። ማሩ የቱ፣ መግሉ የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር፤ ዝንብ መጥቶ ሲቀምሰው እያለቀስኩ አስመለሰኝ። በልጅነቷ እንዲሁ የተከተበችው እናቴ አፌን ጠርጋ፣ «ዝም በይ! ትንሽ ታመሽ ትድኛለሽ» አለችኝ።

ከዚያ ጡት የሚጠባውን ወንድማችንን ምትኩን አቀረበችና «ይሄንንስ?» አለቻቸው።

«ተይ እቴ፣ የዚህ ደሙ ገና ነው፣ አይችለውም። ጥርስ ያውጣ።»

«እንዳሉ ይሁን እማማ» ብላ ደስ ብሏት እቅፍ አደረገችው።

ትኩሳቱ መጣ፣ ጥቂት ቁስል ወጣብን። ሦስታችንም አንድ መደብ ላይ እንተኛ ስለነበር፣ ምትኩ እየዳኸ መጥቶ አንሶላችን ላይ የደረቀውን ቅርፊት ይቆነጥር ነበር። ለኛ የቀለለው በሽታ ላልተከተበ ሰው ያው ፈንጣጣ መሆኑን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር እኔና እህቴ ድነን ጭቃ እናቦካ ነበር፤ ምትኩ ግን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ወጣበት። ባነሡት ቁጥር ቆዳው ከጨርቁ ጋር ይላጥ ነበር። ወተት የምታመጣልን አዴ ዳርሜ እንደ ወትሮዋ «አካም? ናጋ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም እያለች በሩ ላይ ስትደርስ ሽታው መታት፤ ወተቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ አፍንጫዋን ይዛ ተመለሰች። እኔም ወንድሜን ተጸየፍኩት፤ ያን ሽታ የቻለችው እናቴ ብቻ ነበረች፣ መግል በሞላው አፉ ላይ ጡቷን ታጎርሰው ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ቀበርነው።

እማማ ዘነበችን ልረግም አፌን እከፍትና ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቼ እዘጋዋለሁ። እኔን ያተረፈኝም ያው እጅ ነው።

በቅርቡ የልጄን ልጅ ለክትባት ጤና ጣቢያ ይዤ ሄድኩ። ነርሷ እጇን ታጥባ፣ አዲስ መርፌ ከላስቲኩ አውጥታ፣ «ትንንሾቹን አስቀድሙ» አለች። ማር የለ፣ ዝንብ የለ፤ ልጁ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ዛሬ ክትባት የሚጀመረው ከሕፃን ነው፤ እኛ ቤት ግን ያስቀረነው ሕፃኑን ነበር።