ሸክላዎቼ ቆርቆሮ ላይ

ጎረቤቴ የነበረው መምህር ሸክላዎቼን ገደለብኝ። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ዘመን ከደጋ ተመድቦ ጋምቤላ መጣ። ለልጁ ክርስትና ድግስ ብሎ ሸክላዎቼን ከነማጫወቻው ለምኖ ተዋሰኝ። በ1967 ግድም የወጡ ናቸው፤ የአማርኛ ዘፈን፣ የሱዳን፣ የኮንጎ ሩምባ፣ የፈረንጅ ጃዝ። የጭነት መኪና ረዳት ሳለሁ በየሄድኩበት እየገዛሁ ያጠራቀምኳቸው።

ድግሱ ሲያልቅ፣ ሰውዬው አቧራ ነክቷቸዋል ብሎ በሳሙና አጠባቸው። እንዲደርቁም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣቸው። በመጋቢት! በእኩለ ቀን! በአገሩ በርበሬ እንዲህ ያሰጡ ይሆናል፤ የጋምቤላ ቆርቆሮ ግን እንቁላል ይጠብሳል። ስደርስ ሁሉም እንደ ደረቀ ቅጠል ተጣመዋል።

«ምን ያስጮህሃል? ካሴት እገዛልሃለሁ» አለኝ። «ደግሞ የተጻፈበትን እንኳ አታነበውም!»

እውነት ነው፣ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። በሽፋናቸው ሥዕል ነበር የምለያቸው። ታዲያ ጆሮዬም ማይም ነው?

ሰላምታ ነፈግኩት። በኋላ ሽማግሌዎች ሲያስቀምጡን፣ «ካሳ አልፈልግም። አንዱን ሸክላ እስከ መጨረሻው ይስማና ጥፋቱን ይመን» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከሁሉ ባነሰ የተጣመመውን አጫወትኩለት። መርፌው እየዘለለ፣ ዘፋኙ እየተንገዳገደ፣ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

«አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ» አለ ሲያልቅ።

እጁን ጨበጥኩ እንጂ አላቀፍኩትም። ግንቦት 6 ቀን 1987 ዓ.ም. ነበር።