«በእጄ ነው የምከፍለው» ያሉት ሰው

በአስተርጓሚነት የተቀጠርኩ ቀን አለቃዬ ደንቡን በአጭሩ ነገረችኝ። «አንቺ እዚያ የለሽም። የሰማሽውን ታስተላልፊያለሽ፤ ምክር አትሰጪም።»

«ከሌለሁ ፓርኪንጉን ማን ነው የሚከፍለው?» አልኳት። አልሳቀችም።

ክሊኒክ በሉት፣ ፍርድ ቤት በሉት፣ ካውንቲ በሉት፣ ያልገባሁበት ቢሮ የለም። ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላልፋለሁ። አንዱ ደንበኛ ሐኪሙን «ደንቆሮ!» ሲለው እንኳ ዋጥ አላደረግኩትም። ከዚህ ሁሉ ዓመት እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን የጋሽ ተኽለ ነገር ነው።

ጋሽ ተኽለ አማርኛን አሥመራ ትምህርት ቤት የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ብሩክሊን ፓርክ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዱ ኖረው ሌይ ኦፍ ተደረጉ፤ ከሥራ ተቀነሱ። እዚያው አጠገብ ክሪስታል ከተማ ውስጥ ትንሽ ቤት ነበረቻቸው። ሲገዟት፣ ሥራ ቢያጡ ለተወሰነ ጊዜ ሞርጌጁን፣ የቤቱን የባንክ ዕዳ፣ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ገብተው ነበር። የተዋወቅነው ያንን ክፍያ ሊጠይቁ ሲሄዱ ነው።

ወኪሉ «ገንዘቡ በቀጥታ ለባንኩ ይሂድ ወይስ በእርስዎ አካውንት ይግባ?» አላቸው።

ጋሽ ተኽለ ቆጣ አሉ። «ለእኔ ይምጣ! ዕዳዬን ሰው ከፍሎልኝ አያውቅም። በእጄ ነው የምከፍለው።»

አስተላለፍኩ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁባቸው።

የሥራ አጥ ክፍያቸው ሲያልቅ፣ ገቢ እየታየ ለሚሰጠው የካውንቲ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ እርዳታ አፕላይ አደረጉ። ሚስታቸው ታመው ቤት ውለዋል፤ ሌላ መተዳደሪያ የለም። አሁንም አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ጉዳያቸውን የያዘችው ኬዝ ዎርከር የባንክ ስቴትመንታቸውን አገላበጠች። «ይሄ በየወሩ የሚገባው ምንድን ነው?»

«የኢንሹራንሱ ነዋ። በማግስቱ ለባንኩ እከፍለዋለሁ። ሽራፊ ሳንቲም አላስቀርም።»

«ይገባኛል። ግን እርስዎ እጅ ስለገባ እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ ከተፈቀደው መጠን አልፈዋል። በቀጥታ ለባንኩ ቢሄድ ኖሮ በዚህ ፕሮግራም አይቆጠርም ነበር።»

ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። ይብስ ያናደደኝም እሱ ነው፤ የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ።

ጋሽ ተኽለ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ። «ጓለይ» አሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያን ቀን አብረሽኝ ነበርሽ። ምነው ሳትነግሪኝ?»

አላውቅም ነበር። ባውቅም አይፈቀድልኝም። ደንቡ ደንብ ነውና ጥያቄያቸውን ለኬዝ ዎርከሯ በእንግሊዝኛ አስተላለፍኩላት። ሴትየዋ አቀረቀረች። እኔ የራሴን መልስ የምሰጥበት ቦታ አልነበረኝም። ጋሽ ተኽለ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ክፍያው በቀጥታ ወደ ባንኩ እንዲሄድ ጠይቀው ነበር። ኢንሹራንሱ ዛሬ ነገ ሲል የሚከፍልበት ጊዜ አለቀ። እሳቸው የሞርጌጁን ገንዘብ ለአስቤዛ ንኩት ቢባሉ ሞቼ እገኛለሁ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ያጠራቀሟትን ጥሪት ማሞቂያና ቀለብ ጨረሳት። በመጨረሻ ለባንኩ የሚከፍሉት ሲያጡ፣ ዕዳው ሳይጠራቀም ቤቱን ሸጡት።

ባለፈው ክረምት ለሌላ ደንበኛ ሆፕኪንስ ከተማ አንድ አፓርታማ ሄጄ ሊፍት ውስጥ አገኘኋቸው። እዚያው ተከራይተው ይኖራሉ። ከስተዋል።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ…» ስል አቋረጡኝ።

«ተይው ጓለይ። የአንድ ወር ክፍያ እንኳ አላሳለፍኩም። በእጄ ከፍዬ ነው የወጣሁት።»

ፎቃቸው ደርሶ ወረዱ። እኔ ሊፍቱ ውስጥ አለቀስኩ።

እንዲህ ያለ ኢንሹራንስ ያላችሁ ሰዎች፣ ገንዘቡ በማን እጅ ይለፍ ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ካውንቲውን ጠይቁ፤ የየፕሮግራሙ ደንብ ይለያያል። አስተርጓሚዋን አትጠይቁ። እሷ እዚያ የለችም።