የአባዬ ቀይ ነጥብ

ባለፈው እሁድ ሱሉልታ፣ የመኪና ውድድሩ ሜዳ ላይ ተንበርክኬ የመኪና ጎማ ፎቶ ሳነሳ ነው ጉዱን ያየሁት...

መኪናዋ የእጮኛዬ የሚኪ ነች። ሚኪ ቡራዩ ጋራዥ አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ የተገጨ ዲኤክስ ላይ የውድድር መኪና ሲፈለስፍ ነው የኖረው። የኋላ ወንበሯን ነቅሎ ጣለ፣ ብትገለበጥ ጣሪያዋ እንዳይደፈጠጥ ውስጧን በውሃ ቱቦ በየደላት፣ ከኋላዋ ደግሞ ከአሮጌ ዲሽ ቆርጦ ክንፍ ሠራላት። ሰው ሲስቅበት «ሳቁ፣ ኋላ ታጨበጭባላችሁ» ይላል። እውነት ለመናገር እኔም ካጨብጫቢዎቹ አንዷ ነበርኩ። የሰርጋችን ቀን በሷ ልንሄድ ሁሉ ተስማምተን ነበር።

«የፊት ጎማዋን አንሺልኝ፣ ፍሬኗ እንዲታይ» አለኝ። ተንበረከክኩ። በቸርኬው ክፍተት ሳይ፣ የፍሬን ሸራውን ጨብጦ የሚይዘው ብረት ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። የመኪና ቀለም አይደለችም... ኩቴክስ ነች። የኔ ኩቴክስ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባዬ ከቡራዩ አዲስ አበባ ሚኒባስ ሲነዳ ነው ያሳደገኝ። ጋራዥ የሚባል ነገር አያምንም። መኪናውን ከማስገባቱ በፊት ዋና ዋናው ዕቃ ላይ በኔ ኩቴክስ ነጥብ ያደርጋል፣ ሲረከብ ነጥቦቹን እየዞረ ያያል። አዲሱን ፈተው አሮጌ እንዳይገጥሙበት ነው። ብዙ ሹፌር እንዲህ ያደርጋል፣ በኩቴክስ ባይሆንም።

ከአራት ወር በፊት የፊት ፍሬኑን ከነብረቱ በአዲስ አስቀየረ። በሳምንቱ ፍሪሲዮኑ አስቸገረውና ሚኪ ጋ ወሰድነው። ጋራዡ በር ላይ ኩቴክሴን ከኪሱ አውጥቶ በጎማው በኩል እጁን ሲሰድ ሳየው አፈርኩ። ተናደድኩም።

«አባዬ! አማችህን ነው ሌባ የምታደርገው?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው...»

«ከወደድከኝ ስትረከብም እንዳታይ። ማልልኝ!» ብዬ ጠርሙሱን ከእጁ ነጠቅኩት። አንዷን ቀብቶ መጨረሱን አላየሁም ነበር።

«ቶሌ፣ ኢንተላ ኮ... እሺ ልጄ» አለና ማለልኝ። ሲረከብም አላየም። ቃሉን ጠበቀ።

በተረከበ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ የቡራዩ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ታች ፌርማታው ጋ ሰው ተሰልፏል። እነሱን ላለመግጨት መሪውን ወደ ድንጋይ አጥር ጠመዘዘው። ጋቢና የተቀመጠች የሦስት ልጆች እናት እዚያው ሞተች። የአባዬ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ደቀቀ።

ሚኒባሱ ተጨማዶ ስለነበር ፍሬኑን ያገላበጠ ሰው የለም። «ከፍጥነት በላይ» ተብሎ ተጻፈ። አባዬም አልተከራከረም። «ፍሬኑ አዲስ ነው፣ የዘገየችው እግሬ ነች» አለ። እግሩ እንድትቆረጥ ፈርም ሲሉት «ጥፋተኛዋ እሷ ነች፣ ቁረጧት» ብሎ ፈረመ።

ሚኪ አልጋው አጠገብ ቆሞ ትከሻውን እያሻሸ «አይዞዎት ኦቦ ጉታ፣ ዕድሜ ነው» ይለው ነበር። አባዬ ትንሽ ሲሻለው በክራንች ሟቿ ቤት ሄደ። ልጆቿ ፊት መሬት ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እና እዚያው ሱሉልታ፣ እንደተንበረከክኩ፣ «ሚኪ፣ ይሄ ፍሬን የማን ነው?» አልኩት።

ዙሪያውን አየ።

«ድምፅሽን ቀንሺ። ባዶ አልለቀቅኳቸውም እኮ፣ አሮጌ ገጥሜላቸዋለሁ። እሳቸው ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፣ ይበቃቸዋል ብዬ ነው። እኔ ግን በዚህ ፍጥነት ያለ ፍሬን ልሙት እንዴ?»

የሚያናድደው፣ ይሄን ሲል ፊቱ ላይ ክፋት እንኳ የለም። የሚያስረዳኝ ነው የሚመስለው። ወዲያው ተራው ደርሶ ተጠራና መኪናዋ ውስጥ ገባ።

ነዳ። መጨረሻው ጋ ሲደርስ አንዲት ላም ከየት መጣች ሳትባል መስመሩ ውስጥ ገባች... ሰው ጮኸ... መኪናዋ ቀጥ አለች። ላሟ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀራት! ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ።

ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው ማን ይመስላችኋል? አባዬ። አማቹን ሊያይ መጥቶ፣ ክራንቹን ብብቱ ሥር ወትፎ ያጨበጭባል።

«እንዴት ያለ ፍሬን ነው! አየሽ... እግር ሲኖር እንዲህ ነው» አለኝ።

ጨነቀኝ። ብነግረው ማን እንዳስማለው ትዝ ይለዋል። ባልነግረው ነፍስ አጠፋሁ እያለ ይሞታል። ስልኬን ሰጠሁት። ፎቶውን በጣቱ አሰፋው፣ ነጥቧ ላይ ብዙ ቆየ። አንቺ ነሽ አላለኝም። አልተሳደበም። የታጠፈ ሱሪውን ዳበስ አደረገና፣

«ታዲያ እሷ ምን አጥፍታ ነው ያስቆረጥኳት?» አለ።

አሁን ፎቶው ፖሊስ ጋ ነው፣ መኪናዋም ተይዛለች። ሰርግ የለም። ሚኪ ግን እየደወለ «በአንድ ብረት ትዳራችንን ታፈርሺዋለሽ?» ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት አባዬ ኩቴክስሽን አምጪ አለኝ። የቀረችውን እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ አውራ ጣቷ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አደረገ። «ይቺን እንኳ እንዳይቀይሩብኝ» ብሎ ሳቀ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም... ጠርሙሱን ግን የያዝኩለት እኔ ነኝ።